ደላንታ ደጋ፦ ደኅና በሚመስል ሕፃን ላይ ኦክሲሜትሩ 88 ሲል፣ ኮንሰንትሬተሩም ቢጫ ሲያበራ

ሲስተር ከደላንታ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምንሠራው ደላንታ ደጋ ላይ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። በስልክ ጂፒኤስ ስንለካው ቦታው 2900 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ፐልስ ኦክሲሜትር (በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን በፐርሰንት የሚለካ መሣሪያ) አለን። አንዱ ጣት ላይ የሚነከሰው ትንሹ፣ ባለ ሁለት ባትሪ ነው፤ ሌላው ገመድና ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚደረገው መለኪያ ጫፍ) ያለው፣ በእጅ የሚያዘው። ባለ 5 ሊትር ኦክሲጅን ኮንሰንትሬተርም (ከአየር ኦክሲጅን አጣርቶ የሚሰጥ ማሽን) አለን።

የቸገረን ይህ ነው። ለክትባት የመጡ፣ ሳልም ትኩሳትም የሌለባቸው ሕፃናት ላይ 88፣ 89፣ 91 እናያለን። አንዱን ልጅ በሁለቱም ስንለካው እስከ 5 ይለያያሉ። የሳንባ ምች ይዞት የመጣ ልጅ ላይ 86 ስናይ ታዲያ «የደጋው ነው» ብለን እንለፈው ወይስ ኦክሲጅን ሰጥተን ሪፈር እንጻፍ? በባልደረቦች መካከል ስምምነት የለም።

ሁለተኛ፣ ኮንሰንትሬተሩ 5 ሊትር ላይ ሲደረግ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ቢጫ መብራት ያበራል፤ 2 ሊትር ላይ ግን አረንጓዴ ነው። ተበላሽቶ ነው?

ሦስተኛ፣ ወደ ደሴ ስንልክ በአምቡላንስ የምንሰጠው ሲሊንደር ለመንገዱ ይበቃ እንደሆነ የምናሰላበት መንገድ ካለ አካፍሉን።

ባዮሜድ ኮምቦልቻ

አብሽሪ ሲስተር፣ ሁሉም መልስ አለው። ከኦክሲሜትሩ ልጀምር፤ የ5 ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአቀማመጥ ነው የሚመጣው።

መሣሪያው ሁለት ብርሃን ይልካል፤ ወደ 660 ናኖሜትር የሆነ ቀይና ወደ 940 ናኖሜትር የሆነ ኢንፍራሬድ። ኦክሲጅን የያዘ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚው) ኢንፍራሬዱን፣ ያልያዘው ደግሞ ቀዩን የበለጠ ይመጥጣል። መሣሪያው ከዚህ ውስጥ የሚፈልገው ከልብ ምት ጋር የሚወዛወዘውን ክፍል ብቻ ነው። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ልጁ ከተንፈራገጠ፣ ወይም ብርሃኑ ጣቱን ሳይነካ በጎን ካመለጠ የሚወዛወዘው ነገር ይጠፋና ቁጥሩ ግምት ይሆናል። የጣቱ ክሊፕ የተሠራው ለአዋቂ ጣት ነው። የሕፃን ጣት ውስጡ ሲገባ ይዋልላል፤ ግማሹ ብርሃን በአየር አልፎ ይሄዳል። ሕፃናት ላይ ክሊፑን ጨርሳችሁ ተዉት። በእጅ የሚያዘውን ከሕፃናት ፕሮብ ጋር ተጠቀሙ፤ በሚጠቀለለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። እግር ላይ፣ ከትንሿ ጣት ሥር ባለው የውጨኛው ጠርዝ ይጠቀለላል፤ አመንጪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። አታጥብቁት፤ ከጠበቀ ደሙን ያግዳል። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ በየ 4 ሰዓቱ ቦታውን ቀይሩ፤ አራስ ላይ ከዚያም ቶሎ።

ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ፍተሻ አትዝለሉ። ኦክሲሜትሩ የሚያሳየውን የልብ ምት፣ ደረቱን በስቴቶስኮፕ ሰምታችሁ ከቆጠራችሁት ጋር አስተያዩ። መሣሪያው 92፣ እናንተ 148 ከቆጠራችሁ ሳቹሬሽኑም (የኦክሲጅኑ ፐርሰንት) ውሸት ነው። ከተጣጣሙና ሞገዱ በእኩል ከፍታ የሚመላለስ ከሆነ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠብቁና ያረፈበትን ቁጥር ጻፉ። መጀመሪያ ብልጭ ያለው ቁጥር አይጻፍም።

እናንተ ዘንድ ብርዱ ዋናው ጠላት ነው። እግሩ ቀዝቃዛ ከሆነ በእጃችሁ ወይም በጋቢ አሙቁትና ድገሙት። በመስኮት የሚገባ ፀሐይም ያሳስተዋል፤ ፕሮቡን በጨርቅ ሸፍኑት። የደም ግፊት ኩፍ በታሰረበት ክንድ ላይ አትለኩ። የፕሮቡን መስታወት በ70 ፐርሰንት አልኮል በረጠበ ጥጥ ጥረጉት እንጂ አትንከሩት፤ በረኪና ያበላሸዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ሁለቱ መሣሪያዎች በ2 ወይም በ3 ቢለያዩ አትደነቁ፤ ከ70 እስከ 100 ባለው ክልል የሚፈቀድላቸው ስህተት ያን ያህል ነው። ከ70 በታች ያለው ቁጥር ደግሞ «በጣም ዝቅተኛ» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም።

የሕፃናት ክፍል ደሴ

ባዮሜዱ ያለው ከተሟላ በኋላ ወደ ቁጥሩ እንሂድ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እስከ 2500 ሜትር ለሚኖሩ ልጆች ኦክሲጅን የሚጀመረው ከ90 በታች ሲሆን ነው ይላል። ከ2500 ሜትር በላይ ግን 87ና ከዚያ በታች እንደ መነሻ ሊወሰድ ይችላል። ድንገተኛ የአደጋ ምልክት ላለው ልጅ፣ ማለትም ራሱን ለሳተ፣ ለሚንቀጠቀጥ፣ በሾክ (የደም ዝውውሩ እጅግ በተዳከመበት ሁኔታ) ላይ ላለ፣ ትንፋሹ እጅግ ለተጨነቀ ልጅ፣ ከ94 በታች ሲሆን ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ «87 ይደርስ እንደሆነ እንይ» ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ስለዚህ የሳንባ ምች ያለበት ልጃችሁ በትክክል ተለክቶ 86 ከሆነ ክርክር የለውም። ኦክሲጅን ይሰጠዋል፣ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ እዚያው ይሰጠዋል፣ ሪፈር ይጻፋል።

ከፍታው ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ ለባልደረቦች ለማስረዳት ይህን ተጠቀሙ። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን የትም 21 ፐርሰንት ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሆነው ግፊት ኮምቦልቻ ላይ ወደ 610፣ ደሴ ላይ ወደ 560 ይወርዳል፤ እናንተ ዘንድ ወደ 535 ነው። ኮምቦልቻና ደሴ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይራራቁም፤ ሆኖም የ600 ሜትር ያህል ልዩነት አላቸው። ኮምቦልቻ የተለካን ቁጥር ከደላንታው ጋር ሳያገናዝቡ ማወዳደር ያሳስታል።

ቁጥሩ ግን ትንፋሽ መቁጠርን አይተካም። ልጁ ጸጥ ብሎ ሳለ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ የሚያቃስት፣ መጥባት ያቃተው ልጅ 92 ቢያሳይም ደኅና አይደለም። በጣም የገረጣ ልጅ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ደም ማነስ ከባድ ሲሆን ያለችው ጥቂት ሄሞግሎቢን ሙሉ ኦክሲጅን ይዛ ሳቹሬሽኑ 97 ሊል ይችላል፤ ወደ ሰውነቱ የሚደርሰው ግን ትንሽ ነው።

ጤና መኮንን ወረባቦ

በ87ቱ ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ። የእኛን ሰው ከሌላው ዓለም ደገኛ ጋር እኩል ማየት አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ደጋ 3530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ አማካይ ሳቹሬሽኑን 95.3 ፐርሰንት ሆኖ አግኝቶታል። በዚያ ከፍታ ከሚጠበቀው በጣም የበለጠ ስለሆነ ነው ተመራማሪዎቹን ያስገረመው። የተለኩት 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ናቸው፤ ለሕፃን በቀጥታ አይሠራም፣ አንድ ጥናትም ሕግ አይሆንም። ነገር ግን አንድ አዋቂ በሽተኛ 87 ሲያሳይ «ደገኛ ስለሆነ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሰድ ሰው ይህን ይወቅ።

ሌላም አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 እያሳየ በደም ምርመራ ግን ከ88 በታች ሆነው የተገኙት ከነጮቹ 3.6 ፐርሰንት፣ ከጥቁሮቹ 11.7 ፐርሰንት ነበሩ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መሣሪያው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ የማሳየት አዝማሚያ አለው ማለት ነው። ስህተቱ ወደ ላይ ከሆነ እኛ ዝቅተኛውን ቁጥር ለማስተባበል ምክንያት መፈለግ የለብንም።

እና በደጋ ብርድ የማይረሳ ነገር፦ ከሰል። በር ዘግተው ማንደጃ ይዘው ያደሩ ሰዎች ራስ ምታትና ማስታወክ ይዟቸው ሲመጡ ኦክሲሜትሩን አትመኑት። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክሲጅን እንደያዘው አድርጎ ስለሚቆጥር ሰውዬው እየታፈነ 98 ያሳያል። ታሪኩ ከሰል ካለው ሳቹሬሽን ሳትጠብቁ ማስክ ባለው ከፍተኛ ፍሰት ኦክሲጅን ስጡ። አብረውት ያደሩትንም ጠይቁ።

የሕፃናት ክፍል ደሴ

የጤና መኮንኑን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ 87 የግድ አይደለም፣ «ሊወሰድ ይችላል» ነው የሚለው። ኦክሲጅን እያላችሁ 88ና 89 ላይ ያለ፣ የሳንባ ምች ምልክቱ ግልጽ የሆነ ልጅ ላይ መስጠቱ ይሻላል።

ክርክሩን ለመዝጋት የራሳችሁን ቦታ ቁጥር አውጡ። በክትባት ቀን ሳል፣ ትኩሳት፣ ጉንፋን፣ የልብ ሕመም የሌለባቸው 30 ሕፃናት ምረጡ። ከ1 ዓመት በታች ያሉትንና ከዚያ በላይ ያሉትን ለዩ፤ በከፍታ ላይ ትንንሾቹ ዝቅ ይላሉ። ልጁ ነቅቶ፣ ጸጥ ብሎ፣ ሳይጠባ ይለካ፤ ስለዚህ ከመርፌው በፊት እንጂ በኋላ አይሁን። እንቅልፍ ላይ ቁጥሩ ይወርዳል። ሁሉንም በአንድ መሣሪያና በአንድ ፕሮብ ለኩ። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና የመካከለኛውን፣ ከሥር ያሉትንም ሁለት ሦስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መለኪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉ። መካከለኛው 93 ሆኖ ከተገኘ 88 ያሳየው ልጅ «የቦታው ነው» አይባልም። ይህ ቁጥር ለማነጻጸሪያ ነው፤ የሕክምና መነሻውን ዝቅ ለማድረግ አይደለም።

አራሶችን ከዚህ አውጧቸው። ደኅና የተወለደ ልጅ ሳቹሬሽን በመጀመሪያው ደቂቃ 60 እና 65 መካከል፣ በ5ኛው ደቂቃ 80 እና 85 መካከል መሆኑ ያለ ነው፤ 10 ደቂቃ ሲሞላው ነው ወደ 85 እና 95 መካከል የሚደርሰው። ፕሮቡ ቀኝ እጅ ላይ ይሁን። ኦክሲጅን ላይ ያለ፣ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከ95 እንዳይበልጥ ፍሰቱን ቀንሱ፤ ትርፉ ዓይኑን ይጎዳዋል።

ባዮሜድ ኮምቦልቻ

ወደ ኮንሰንትሬተሩ። ሲስተር የጻፈችው ምልክት ብዙ ይናገራል፤ 2 ሊትር ላይ አረንጓዴ፣ 5 ሊትር ላይ ቢጫ ከሆነ ማሽኑ አልሞተም። በብዙ ሞዴሎች ቢጫ የሚበራው የሚወጣው ኦክሲጅን ከ82 ወይም ከ85 ፐርሰንት ሲያንስ ነው።

ማሽኑ ውስጥ ዜዮላይት የሚባል ድንጋይ መሰል ፍርፋሪ የሞላባቸው ሁለት ቱቦዎች አሉ። ኮምፕረሰሩ አየሩን አጭኖ ያስገባል፣ ዜዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክሲጅኑ ያልፋል፤ ቱቦዎቹ በየጥቂት ሰከንዱ ይፈራረቃሉ፣ «ፍስስ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ፍሰቱን ስትጨምሩ አየሩ ዜዮላይቱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፣ ንጽሕናው ይወርዳል። ደጋው ላይ ደግሞ ኮምፕረሰሩ የሚስበው አየር ስስ ነው። አብዛኛዎቹ ማሽኖች ሙሉ አቅማቸው የተረጋገጠላቸው እስከ 2000 ሜትር ገደማ ነው፤ እናንተ ከዚያ 900 ሜትር በላይ ናችሁ። ስለዚህ ባለ 5 ሊትሩን እንደ ባለ 3 ሊትር ቁጠሩት። ለአንድ ሕፃን በናዛል ፕሮንግ (አፍንጫ ላይ በሚደረግ ቱቦ) በደቂቃ የሚያስፈልገው ለአራስ ከግማሽ እስከ 1፣ ከአራስነት ላለፈ ሕፃን ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው፤ ይበቃችኋል።

ይሁን እንጂ በከፍታው ከማሳበባችሁ በፊት ቀላሎቹን ፈትሹ። በስተኋላ ወይም በጎን ያለውን ስፖንጅ ፊልተር አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ አቧራ ከያዘ በለስላሳ ሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይመለሳል። በየሳምንቱ ነው ይህ፤ በበጋ አቧራ በሳምንት ሁለቴ። እርጥብ ፊልተር መመለስ ክልክል ነው፣ እርጥበት ዜዮላይቱን ይገድለዋል። ማሽኑ ከግድግዳና ከመጋረጃ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ። ቀጥሎ ሂውሚዲፋየሩን (ኦክሲጅኑን የሚያረጥበውን የውኃ ጠርሙስ) ንቀሉትና ቱቦውን በቀጥታ አገናኙት። ፍሰቱ ከተስተካከለ ጥፋቱ የጠርሙሱ ክዳን ነው፤ ጥርሱ ጠሞ ሲዘጋ ያፈስሳል። በነገራችን ላይ ለናዛል ፕሮንግ በዚህ ፍሰት ሂውሚዲፋየር አያስፈልግም፤ ውኃው በየቀኑ ካልተቀየረ የጀርም ቤት ይሆናል። የፕሮንጉን ጫፍ ንጹሕ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አስገብታችሁ አረፋ እዩ፤ አረፋ ከሌለ ልጁ ጋር ምንም እየደረሰ አይደለም፣ ፍሎሜትሩ (የፍሰት መለኪያው) ምንም ቢል።

ሲበራ እስኪሞቅ 10 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ የሚበራው ቢጫ ጥፋት አይደለም። ከ30 ደቂቃ በኋላም 2 ሊትር ላይ ቢጫ ከሆነ ዜዮላይቱ ወይም ኮምፕረሰሩ ደክሟል፤ በኦክሲጅን አናላይዘር ይለካ። ሥራ ባይኖርም ለወራት መጋዘን ውስጥ አታስቀምጡት፤ አልፎ አልፎ ለተወሰነ ሰዓት አስነሡት፣ ቆሞ ሲኖር እርጥበት ይበላዋል።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልቴጅ ቦርዱን ያቃጥላል። 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ በኮምፕረሰሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ሳይወጣ ቢነሣ ሞተሩ ይታነቃል። ማሽኑ 350 ዋት ያህል ይወስዳል፣ ሲነሣ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ስታቢላይዘሩ (ቮልቴጅ ማረጋጊያው) ከ1000 ቪኤ እንዳያንስ። በእርዳታ የመጣ 110 ቮልት 60 ኸርዝ ማሽን ካላችሁ ደግሞ ትራንስፎርመር ብቻውን አያድነውም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ በእኛ 50 ኸርዝ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላል፣ ፍሰቱም ያንሳል።

ሲስተር ከደላንታ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ፊልተሩ በአቧራ ተደፍኖ ነበር፤ ታጥቦ ደርቆ ሲመለስ 3 ሊትር ላይ አረንጓዴ ሆነ፣ 5 ላይ አሁንም ቢጫ ነው። እግሩን አሙቀን በሕፃናት ፕሮብ ስንለካ 88 የነበረው ልጅ 92 ሆነ።

የቀረኝ የሲሊንደሩ ስሌት ነው። ባለ 10 ሊትር ነው፣ ጌጁ 80 ባር ያሳያል። ልጁ በደቂቃ 2 ሊትር ላይ ነው፣ መንገዱን 4 ሰዓት እንበለው። ደግሞ ጥፍራቸው የተቀባ እናቶች ላይ ምን እናድርግ?

ጤና መኮንን ወረባቦ

ለእናቶቹ አጭር ነው። የጥፍር ቀለም ይለቀቃል፤ ጠቆር ያለ ሂና ግን አይለቅም። እንሶስላ የሞቀችም ብትሆን ከጥፍሩ ጋር ጊዜ አታጥፉ፤ ክሊፑን አዙራችሁ በጣቷ ጎንና ጎን ንከሱት ወይም ያልተቀባ የእግር ጣት ፈልጉ። የጣት ክሊፕ ጆሮ ላይ አይደረግም፤ ለጆሮ የተሠራ ፕሮብ ካላችሁ ብቻ ነው።

ባዮሜድ ኮምቦልቻ

ስሌቱ፦ የሲሊንደሩ ሊትር በባሩ ሲባዛ ያለው ኦክሲጅን ነው። ከጌጁ ላይ 20 ባር ለመጠባበቂያ ቀንሱ። 80 ሲቀነስ 20፣ 60 ባር፤ በ10 ሲባዛ 600 ሊትር። በደቂቃ 2 ሊትር ሲካፈል 300 ደቂቃ፣ 5 ሰዓት። መንገዱ 4 ሰዓት ከሆነ ጎማ ቢፈነዳ ወይም መንገድ ቢዘጋ አይበቃም። የመንገዱን ጊዜ ከግማሽ ጨምራችሁ ያዙ፤ 6 ሰዓት ማለት ነው። ለዚያ 720 ሊትር ያስፈልጋል፣ ጌጁ ቢያንስ 92 ባር ማሳየት አለበት። ወይ ሌላ ሲሊንደር ጨምሩ፣ ወይ ልጁ በ1 ሊትር ከ90 በላይ የሚቆይ ከሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ለ15 ደቂቃ ሞክራችሁ ቀንሱለት።

ቫልቩን ቅቤ ወይም ቫዝሊን በነካ እጅ አትክፈቱ፤ በግፊት ከሚወጣ ኦክሲጅን ጋር ቅባት ይቀጣጠላል። ልጁን ያቀፈችው እናት ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ከሆነች ከሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ ላይ ከሚገጠመው ግፊት መቀነሻ) ራቅ ብላ ትቀመጥ። ሬጉሌተሩ ሲገጠም ቢያፈስስ ዋሸሩ ይቀየራል፤ በዘይት ወይም በፕላስተር አይጠገንም። ሲሊንደሩ በቀበቶ ይታሰር።

የሕፃናት ክፍል ደሴ

ስለ መንገዱ አንድ ነገር ልጨምር። በኩታበር በኩል ስትመጡ ወደ በሽሎ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ትወጣላችሁ። ሸለቆው ውስጥ የልጁ ቁጥር ይሻሻላል፤ «ተሽሎታል» ብላችሁ ፍሰቱን እዚያ አትቀንሱ፣ አቀበቱን ስትጀምሩ ይወርዳል። ፕሮቡ እግሩ ላይ እንዳለ ይቆይ፣ በየ15 ደቂቃው ሳቹሬሽን፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ፍሰትና የሲሊንደሩ ባር በሪፈር ወረቀቱ ጀርባ ይጻፍ። ያለ ኦክሲጅን የተለካውን የመጀመሪያውን ቁጥር፣ የተለካበትን ሰዓትና «2900 ሜትር» የሚለውንም ጨምሩበት፤ እዚህ የሚቀበለው ሐኪም 86ቱን ከደሴ ከፍታ ጋር እንዳያምታታው።